ሰው በአንድ ንባብ አይለወጥም፤ ቤተ መጻሕፍትም መጋዘን አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው 20 ዓመት ሙሉ ልቦለድ ሲያነቡ ኖረው፣ መለስ ብለው ራሳቸውን ቢመዝኑ ያው ሆነው እንዳገኙት ይናገራሉ። ቁጡ ነበሩ፤ ዛሬም ቁጡ ናቸው። የዛሬን ሥራ ለነገ ያሳድሩ ነበር፤ አሁንም ያሳድራሉ። ከዚህ ተነሥተው አምስት ነገር ይላሉ። ሥነ ጽሑፍ ሰውን ይለውጣል የሚባለው ተረት ነው፤ የሚለውጠው «እንዲህ አድርግ» ብሎ የሚያዝ ተግባራዊ መጽሐፍ ብቻ ነው። መለወጥ የፈለገ ሰው በዓመት 52 መጽሐፍ ያንብብ፤ ጊዜ ካጠረው ማጠቃለያውን ያንብብ። ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ ስላለ የቤተ መጻሕፍት ዘመን አልፏል። ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በካርቶን እየቆለሉ አውጥተው መጣላቸው ራሳቸውም ለመጽሐፍ ደንታ እንደሌላቸው ያሳያል። በመጨረሻም፣ ዛሬ ቤተ መጻሕፍት የሚገባው ደብተሩን ይዞ ለፈተና የሚያጠና እንጂ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው አይደለም።

ጽሑፉ እንዲህ የተሰራጨው ያለ ምክንያት አይደለም። በቅን ልብ የተጻፈ ነው፤ አንባቢ ነኝ የሚል ሁሉ አንድ ቀን ለራሱ የሚያነሣውን ጥያቄ ሳይሸሽ ያነሣል። ገጠመኛቸውን አልክድም። የማልቀበለው ከገጠመኙ ያወጡትን ድምዳሜ ነው። በእኔ እምነት መጽሐፍ ሰውን የሚለውጠው በሁለት መንገድ ነው፤ አንባቢው ሊያነበው ያላሰበውን መጽሐፍ ሲያገኝ፣ እና ያነበበውን ተመልሶ ሲያነብ። ጸሐፊው ከዘረዘሯቸው ነጥቦች ውስጥ ሁለቱም የሉም። ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ከመደርደሪያው አቀማመጥ ጀምሮ የተሠራው ለእነዚህ ለሁለቱ ነው።

ከሥነ ጽሑፉ ልጀምር፤ እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ። «ልቦለድ ያነበበ ሰው ርኅሩኅ ይሆናል» የሚለው በየቦታው የሚደጋገም አባባል ማስረጃው ከዝናው ያነሰ ነው። አባባሉን ያገነነው እ.ኤ.አ. በ2013 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ነው። ዴቪድ ኪድ እና ኢማኑኤሌ ካስታኖ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን አጭር የልቦለድ ቅንጫቢ አስነብበው፣ ወዲያው የዓይን ፎቶግራፍ እያሳዩ የባለ ዓይኑን ስሜት እንዲለዩ ጠየቋቸው። ጥሩ ልቦለድ ያነበቡት የተሻለ ለዩ ተባለ። በ2016 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ቢደግሙት ውጤቱ አልተገኘም። በ2018 ደግሞ በታላላቅ መጽሔቶች የወጡ 21 የማኅበራዊ ሳይንስ ሙከራዎች እንደገና ሲፈተሹ 13ቱ ጸኑ፤ ይህኛው ከወደቁት አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት 14 ሙከራዎችን አንድ ላይ የመዘነ ሌላ ጥናት ልቦለድ ማንበብ የሌላውን ሰው ስሜት ለመረዳት እንደሚያግዝ አገኘ፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። እንግዲህ ጥያቄው በአንድ ቁጭታ ንባብ ስለሚመጣ ለውጥ ከሆነ ጸሐፊው ከእውነት ብዙም አልራቁም።

ዳሩ ግን «20 ዓመት አንብቤ አልተለወጥሁም» የሚለው ምስክርነት ብቻውን አይቆምም። ባያነቡ ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር የሚያሳየን ሌላ እሳቸው የለም። ቁጣቸው ያው ነው ካሉ፣ ያለ ንባብ ይብስ እንዳልነበር በምን ይታወቃል? በዚህ ላይ ሰው ራሱን ሲመዝን ሚዛኑ ያጋድላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ጊልበርትና ባልደረቦቹ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 68 የሆነ ከ19,000 በላይ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ሰዎቹ ባለፉት 10 ዓመታት ብዙ እንደተለወጡ ተናገሩ፤ በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ግን እምብዛም እንደማይለወጡ ገመቱ። የ30 ዓመቱም የ50 ዓመቱም ዛሬ የደረሰበትን የመጨረሻው አድርጎ ነው የሚያየው። ራሱን ያለቀለት አድርጎ ከሚያይ ሰው ስለ ራሱ ለውጥ ትክክለኛ ቆጠራ መጠበቅ ይከብዳል።

ከዚህ የሚብሰው ግን የለኩት ነገር ነው። ቁጣና ሥራ ማሳደር ልማድ ናቸው፤ ልማድ በልምምድ ይሻራል። ልቦለድ በዋናነት የሚሠራው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ አንባቢው ምን እንደሚያስተውል፣ ለማን እንደሚያዝን፣ ለሚሰማው ነገር ቃል እንዳለው ወይም እንደሌለው። ይህን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ያው ድሮ የተነበበው መጽሐፍ ይበቃል። ቢያንስ ከ10 ዓመት በፊት የተነበበ ልቦለድ ይመረጥ። እትሙ ያው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ትርጉም ከሆነ የተርጓሚው ስም ይመሳከር፤ አለዚያ የተለወጠው አንባቢው ይሁን ትርጉሙ አይለይም። መጽሐፉ ሳይከፈት ስለ ታሪኩ የሚታወሰው በግማሽ ገጽ ይጻፍ፤ ማን ጥፋተኛ ነበር፣ ማን አሳዘነ፣ መጨረሻው ምን ሆነ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ 50 ገጾች ይነበቡና ያው ጥያቄ እንደገና ይመለስ። የድሮ ማስመሪያና የኅዳግ ማስታወሻ የሚታየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከታየ ዓይን በድሮው መስመር እየተመራ ያንኑ ያደንቃል። በ20 ዓመቱ ቤቱን ጥሎ ከኮበለለው ልጅ ጋር የወገነ አንባቢ በ40 ዓመቱ ደጅ ደጁን ከሚያዩት ወላጆች ጎን ቆሞ ራሱን ሊያገኘው ይችላል። ከመጽሐፉ አንድ ፊደል አልተነካም። ጸሐፊው ይህን ሞክረው እንደሆነ የሚገልጽ አንድ መስመር በጽሑፋቸው ውስጥ የለም፤ 20 ዓመቱ በሙሉ ከአዲስ ወደ አዲስ የተሻገሩበት ነው።

«የሚለውጠው ተግባራዊ መጽሐፍ ብቻ ነው» ለሚለው አንድ ሰው ልጥቀስ። አሜሪካዊው ሪቻርድ ራይት በ1927 ሜምፊስ ከተማ የሚሠራ ወጣት ነበር። ጥቁር በመሆኑ የከተማው ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አያውሰውም። ከአንድ ነጭ የሥራ ባልደረባው የውሰት ካርድ ተቀብሎ፣ በዚያ ሰው እጅ የተጻፈ አስመስሎ ማስታወሻ እያዘጋጀ፣ የተላከ መስሎ መጽሐፍ ይወስድ ጀመር። ከወሰዳቸው ልቦለዶች አንዱም «ይህን አድርግ» አላለውም። በአንዱ ውስጥ ግን የአለቃውን ዓይነት ሰው አገኘ፤ እስከዚያ ድረስ ርቆ የሚያየውን ሰው ኑሮና አስተሳሰብ ከውስጥ አየው። ዓመቱ ሳያልቅ ደቡቡን ለቆ ወደ ሰሜን ሄደ፤ ኋላም ራሱ ደራሲ ሆነ። የአንድ ሰው ታሪክ ሕግ አይሆንም፤ «ብቻ» የሚለውን ቃል ለማፍረስ ግን አንድ ይበቃል።

ስለ ተግባራዊ መጻሕፍት ከጸሐፊው ጋር በግማሽ እስማማለሁ። በሥነ ልቦና ሕክምና ዘዴ ላይ ተመሥርተው የተጻፉ፣ መልመጃ ያላቸው መጻሕፍት ቀለል ላለ ድብርትና ጭንቀት እንደሚረዱ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ በተለይ ባለሙያ በየጊዜው ሲከታተል። ነገር ግን የሚረዱት መልመጃውን የሠራን ሰው ነው። በየሳምንቱ የሚሞላውን ሠንጠረዥ ባዶ ትቶ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያለፈ አንባቢ ያገኘው ማነቃቂያ ነው፤ ማነቃቂያ ደግሞ መጽሐፉ እንደተከደነ ይበርዳል። እዚህም ቢሆን ሥራውን የሚሠራው መመለሱ ነው።

ወደ 52ቱ መጽሐፍ ልለፍ። ብዙ ተቺዎች «የማይቻል ነው» ብለው አልፈውታል። ይቻላል። 300 ገጽ ያለው፣ በገጽ 250 ቃል የያዘ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ 75,000 ቃል ነው። አዋቂ ሰው በልቡ ሲያነብ በደቂቃ 250 ቃል አካባቢ ይሄዳል፤ 5 ሰዓት ማለት ነው። በ52 ሲባዛ 260 ሰዓት፣ በቀን 43 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። (ለአማርኛ ይህ የቃል ቆጠራ አይሠራም፤ እኛ «አልነገረችንም» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እንግሊዝኛው በአምስት ይለዋል።) ስለዚህ ጊዜ የለም ማለት መልስ አይደለም። ችግሩ ቁጥር ግብ ሲሆን የሚያመጣው መዛባት ነው። ግቡን ለመሙላት ቀጫጭኑ ይመረጣል፤ 700 ገጹ ለከርሞ ይተላለፋል። ግጥም እንደ ልቦለድ በአንድ ትንፋሽ ይጋለባል። ድጋሚ የተነበበ መጽሐፍ ደግሞ በቆጠራው ስለማይገባ ማንም አይደግምም። በዓመት 20 መጽሐፍ አንብቦ 4ቱን የደገመ ሰው በዚህ ስሌት ሰነፍ ነው፤ እኔ ግን ከ52ቱ ይልቅ ከእሱ ጋር ስለ መጽሐፍ ባወራ እመርጣለሁ።

ፈጣን ንባብን በተመለከተ በአጭሩ፦ ዓይን በመስመሩ ላይ አይንሸራተትም፤ ይዘላል። በየማረፊያው ሩብ ሴኮንድ ገደማ ይቆያል፣ በእንግሊዝኛ በአንድ ዝላይ የሚሻገረው ከ7 እስከ 9 ፊደል ነው። አጥርቶ የሚያየው ስፍራ ጠባብ ስለሆነ ገጹን በአንድ እይታ መዋጥ አይቻልም። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር መረዳቱ ይቀንሳል፤ ያፈጠነው ሰው ያላነበበውን ዘሏል ማለት ነው። ለአንዳንድ ጽሑፍ መዝለል ተገቢ ነው፤ ጋዜጣ እንዲሁ ይነበባል። ማጠቃለያም ቢሆን አንድ ሐሳብ በ300 ገጽ ለተለጠጠበት መጽሐፍ አይበዛበትም፤ ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ልቦለድን ማጠቃለል ግን የሆነውን ነገር ነግሮ የሆነበትን ጊዜ መንጠቅ ነው። አንባቢ ገጸ ባሕርዩን በ200 ገጽ ወዶት በ201ኛው ሲከዳው የሚሰማውን ነገር «ከዚያም ከዳው» የሚል ዓረፍተ ነገር አይተካውም።

የተነበበው ሁሉ ከሳምንት በኋላ የት ይሄዳል የሚለውም መነሣት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ አጭር ጽሑፍ አስጠኑ። ከፊሎቹ አራት ጊዜ አነበቡት። ከፊሎቹ አንድ ጊዜ አንብበው ሦስት ጊዜ ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነሱ 40 ከመቶ፣ ሳያዩ የጻፉት 61 ከመቶ አስታወሱ። ይህ «ደግሞ ማንበብ ከንቱ ነው» የሚል ይመስላል፤ እኔም ወዲያው ወዲያው መደጋገሙን አልደግፍም። መመለስ ስል መጽሐፉን ዘግቶ የቀረውን መጻፍ፣ ዘግየት ብሎ ደግሞ ወደ ገጹ ሄዶ ማስተያየት ማለቴ ነው። ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር 5 መስመር፣ መጽሐፉ ካለቀ ከሳምንት በኋላ አንድ ገጽ። ከዚህ የበዛ ማስታወሻ ራሱ ሥራ ሆኖ ንባቡን ያስቆማል።

«ሁሉም ስልክ ውስጥ አለ» የሚለው ነጥብ በብዙ ሰው ዘንድ ተቀባይነት ያገኘ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ስልክ የሚሰጠውን አላሳንስም። ማየት ለተሳነው አንባቢ ጽሑፍን የሚያነብ ስልክ የመጽሐፍን በር ከፍቷል። የደራሲ መብታቸው ያለፈ እልፍ መጻሕፍት በነጻ ይወርዳሉ። ስክሪን መረዳትን ይቀንሳል የሚባለውም ቢሆን በጥንቃቄ ይነገር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ 54 ጥናቶችንና ከ171,000 በላይ አንባቢዎችን ያካተተ ምዘና ወረቀት እንደሚሻል ያገኘው ለመረጃ ነክ ጽሑፍ፣ በተለይም ጊዜ ሲጠብብ ነው። ትረካ ብቻ በተነበበበት ልዩነት አላገኘም። በስልክ ልቦለድ የሚያነብ ሰው ከፊሉ ያመልጠዋል ብሎ መከራከር አይቻልም።

«ሁሉም አለ» የሚለው ግን ሐሰት ነው፤ ያለውም አይቆይም። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2024 እንዳሳየው እ.ኤ.አ. በ2013 ከነበሩ ድረ ገጾች 38 ከመቶው ከ10 ዓመት በኋላ አይከፈቱም። አማዞን በ2009 አንባቢዎች ገዝተው ኪንድል በተባለው የንባብ መሣሪያቸው ያስቀመጧቸውን ሁለት ልቦለዶች፣ ያቀረባቸው ድርጅት መብት አልነበረውም በሚል፣ በርቀት አጥፍቶ ገንዘቡን መልሷል። ገዢዎቹ የያዙት መጽሐፍ ሳይሆን ፈቃድ ነበር። ቤተ መጻሕፍትም ከዚህ አያመልጡም፤ ሃርፐር ኮሊንስ የተባለው አሳታሚ በ2011 ለእነሱ የሚሰጠው ዲጂታል ቅጂ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ ፈቃዱ እንዲያበቃ ደንግጎ ነበር። በመደርደሪያ ላይ ያለ ወረቀት ግን 27ኛውን ተዋሽ አይመልስም። ከ10 ዓመት በኋላ ወደ ያኔው መጽሐፍ መመለስ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ልዩነት በመፈለግና በማግኘት መካከል ያለው ነው። ስልክ የጠየቁትን ይመልሳል፤ ለመጠየቅ ደግሞ ቃሉን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በአማርኛ ይህ ይብሳል። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ቃል ብንወስድ ሥ እና ስ፣ ጽ እና ፅ፣ ሑ፣ ሁ እና ኁ ሲፈራረቁ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል። ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ የማይቆጥር መፈለጊያ በአንዱ አጻጻፍ የተመዘገበውን በሌላው አያገኘውም። ፈላጊው «የለም» ተብሎ ይመለሳል፤ መጽሐፉ ግን አለ። በዚህ ላይ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም አስቀድሞ የሚመዘግብ ሥርዓት ሲጨመር አንድ ደራሲ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ይህ ስሕተት በቤተ መጻሕፍት ካታሎግም (በመጻሕፍቱ ዝርዝር መዝገብ) ይገኛል። ልዩነቱ፣ ካታሎጉ ቢሳሳት መደርደሪያው አለ፤ መጽሐፉ በርዕሰ ጉዳዩ ተሰልፎ ስለቆመ በዓይን ይገኛል።

ሰልፉ እንዲህ ነው የሚሠራው። አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሜልቪል ዲዊ በ1876 ያወጣው ምደባ ዕውቀትን በ10፣ እያንዳንዱን እንደገና በ10፣ ያንንም በ10 ይከፍላል። ሥነ ጽሑፍ 800ዎቹ ውስጥ ነው። የዕብራይስጥ 892.4፣ የዐረብኛ 892.7፣ የአማርኛ 892.87። ምደባው ንጹሕ አይደለም፤ ከ810 እስከ 880 ያለውን ለአውሮፓ ቋንቋዎችና ለአሜሪካ ሰጥቶ የቀረውን ዓለም 890 ውስጥ አጭቆታል። ያም ሆኖ ጎረቤት ይሰጣል። ባለሙያ እንዲህ ይጠቀምበታል፦ በርዕሱ ላይ የሚያውቀውን አንድ መጽሐፍ በካታሎግ ያገኛል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፣ መደርደሪያው ጋ ሲደርስ ያንን ብቻ ይዞ አይመለስም። ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንድ ክንድ ያህል፣ ከላይና ከታች አንድ አንድ መደርደሪያ ያያል። ከሚስበው ውስጥ አምስት ያወጣል፤ የእያንዳንዱን ማውጫና መግቢያ ለ3 ደቂቃ ያያል። ስሙን ፈጽሞ ሰምቶት የማያውቀውን አንድ ጨምሮ ይወስዳል። ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛው፣ ተፈላጊዎቹ በውሰት ላይ ስለሚሆኑ መደርደሪያው የሚያሳየው የቀሩትን ነው፤ ስለዚህ በዚያው ቁጥር ካታሎጉንም ማየት ያሻል። ሁለተኛው፣ ትልልቅ ቅርጽ ያላቸው መጻሕፍት ስለማይገቡ ሌላ ቦታ ይቆማሉ፤ ብዙ ሰው መኖራቸውን አያውቅም። የስልክ ጥቆማም መጽሐፍ ያስተዋውቃል፤ የሚያስተዋውቀው ግን እስካሁን የወደዱትን የሚመስለውን ነው። መለወጥ የሚፈልግ ሰው ትናንት ከወደደው ውጭ የሆነ ነገር ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ተጣሉት መጻሕፍት። ጸሐፊው የተቆለለ ካርቶን አይተው ማዘናቸው ይገባኛል። የተወገደ መጽሐፍ ማየት ለማንም አንባቢ ይከብዳል። ነገር ግን አማርኛችን ለዚህ ሥራ ጥሩ ቃል አለው፦ ማረም። ማሳም ይታረማል፣ ጽሑፍም ይታረማል፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሚያደርገው ሁለቱንም ነው። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ራንጋናታን በ1931 ካወጣቸው አምስት ሕጎች የመጨረሻው ቤተ መጻሕፍት የሚያድግ አካል ነው ይላል። የሚያድግ ነገር ቦታ ይፈልጋል። መደርደሪያ ከሦስት አራተኛው በላይ ሲሞላ አዲስ የገባ መጽሐፍ መስመሩን ሁሉ ያስገፋል፤ ጥብቅ ብሎ የቆመውን ለማውጣት ሰው የጀርባውን ጫፍ በጣት ይስባል፣ ጀርባው ይገነጠላል። (የተጣበቀን መጽሐፍ የሚያወጡት ግራና ቀኙን ገፋ አድርገው ወገቡን ይዘው ነው።) ተሳስቶ የገባ መጽሐፍም በታጨቀ መደርደሪያ ውስጥ አይታይም፤ ከቦታው ውጭ ያለ መጽሐፍ ደግሞ እስኪገኝ ድረስ የጠፋ ነው።

ማረም በስሜት አይሠራም። መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ ያልተዋሱት ዝርዝር ይወጣል፤ ከዚያ እያንዳንዱ በእጅ ተይዞ ይታያል። የሚያሳስት ነው? የመድኃኒት፣ የሕግና የኮምፒውተር መጽሐፍ ሲያረጅ ጉዳት አለው፤ የተሻረ የመድኃኒት መጠን የያዘ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ መተው ደግነት አይደለም። የተሻሻለ እትም ወጥቶለታል? አካሉ ተበላሽቷል? ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ከእንጨት የተሠራው አብዛኛው ርካሽ ወረቀት አሲድ ስላለው ራሱን እየበላ ይጠወልጋል፤ የገጹ ጥግ ጥቂት ጊዜ ሲታጠፍ ከተቆረጠ መጽሐፉ ለውሰት አይሆንም። ሻጋታ ያለበት ወዲያው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይለያል፤ የአየሩ እርጥበት ከ65 ከመቶ ካለፈ ወደ ጎረቤቶቹ ይዛመታል። ውኃ የነካው መጽሐፍ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ወይም ካልቀዘቀዘ ይሻግታል። በመጨረሻ የሚመጣው ጥያቄ ዋናው ነው፤ ሌላ ቦታ ቅጂ አለ? የመጨረሻው ቅጂ ከሆነ ማንም ባያነበውም ይቀመጣል ወይም ለጥበቃ ወደ ተቋቋመ ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። የሚወገደው «ተወግዷል» የሚል ማኅተም ይመታበታል፣ ከካታሎግም ይሰረዛል። ይህ የመጨረሻው ሲረሳ ካታሎጉ መዋሸት ይጀምራል፤ አንባቢ የሌለን መጽሐፍ ፍለጋ ይደክማል።

መጥፎ አወጋገድ አለ፤ ይህን አልሸሽግም። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በ1996 ወደ አዲስ ሕንፃ ሲገባ ለመጻሕፍቱ የሚበቃ ቦታ ስላልነበረው እጅግ ብዙ መጻሕፍት በማስወገዱ ከባድ ወቀሳ ደርሶበታል። መጽሐፉ በመጨረሻ የተዋሰበትን ቀን ብቻ እያየ የሚያርም ሰው ግጥምንና ታሪክን አውጥቶ ይጨርሳል፤ እነዚህ በዝግታ የሚፈለጉ ናቸውና። ጸሐፊው «በጥድፊያ አይወገድ» ቢሉ ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር። «ማስወገድ መጽሐፍ አለመውደድ ነው» ማለት ግን አረም የነቀለ ገበሬን ቡቃያ ጠላ እንደ ማለት ነው።

የቀረው የተማሪዎቹ ጉዳይ ነው። እውነት ነው፣ በብዙ ቤተ መጻሕፍት ወንበሩን የሚሞላው ደብተሩን ይዞ የመጣ ተማሪ ነው። ጸሐፊው ይህን የመጽሐፍ ሽንፈት አድርገው ያዩታል። እኔ በመጀመሪያ የማየው ጸጥታና ወንበር፣ ብርሃንና ማንም «ምን ልታዘዝ» የማይልበት ቦታ ፈልጎ የመጣ ሰውን ነው። በፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 የተከፈተው ኦዲ ቤተ መጻሕፍት ከሦስት ወለሉ ለመጻሕፍት የለየው በዋናነት የላይኛውን ነው፤ ሌላው ለሥራ፣ ለስብሰባ፣ ለልዩ ልዩ መሣሪያ ነው። ሰው ለሌላ ጉዳይ ገብቶ 100,000 ያህል መጽሐፍ ባለበት በኩል ሊያልፍ ይችላል።

ጥበቡ ያለው በዚህ ማለፍ ላይ ነው። የጥናቱ ጠረጴዛ ከመደርደሪያው በተለየ ክፍል ሲዘጋ ጸሐፊው ያሉት ይሆናል፤ ቤቱ የፈተና አዳራሽ ሆኖ ይቀራል። ጠረጴዛው በመደርደሪያዎቹ መካከል ሲገባ፣ ከአጠገቡ ባለው ዝቅተኛ መደርደሪያ ላይ ደግሞ ከ10 እስከ 15 መጽሐፍ ሽፋኑ ፊት ለፊት እንዲታይ ሲቆምና በየሳምንቱ ሲቀየር፣ ዓይኑ የደከመ ተማሪ እጁን ይዘረጋል። ብዙውን ጊዜ አይዋሰውም፤ አሥር ገጽ አንብቦ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወደ ደብተሩ ይመለሳል። ለዚህ ነው በብዙ ቤተ መጻሕፍት «ያነበቡትን መጽሐፍ መልሰው አይደርድሩ» የሚል ማስታወቂያ የሚለጠፈው። አንደኛው ምክንያት በተሳሳተ ቦታ እንዳይገባ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ ማታ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሠራተኛዋ በጋሪ እየዞረች በየጠረጴዛው የተተዉትን ትሰበስባለች፣ ወደ ቦታቸው ከመመለሷ በፊትም አንድ በአንድ እየቆጠረች ትመዘግባቸዋለች።